ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር

የእናቴ ሞተር ብስክሌት ዳገት ይፈራል ብዬ አምን ነበር። ልጅ ስለነበርኩ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ ነበረኝ። እሁድ እሁድ ከአባቴ ጋር ከከተማ እንወጣለን። ሜዳውን እንደ ንፋስ ይጨርሰዋል። ያ ረጅም ዳገት ሲጀምርም እንደ ደህና ሰው መውጣት ይጀምርና አጋማሹ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ድምፁ ይጎረናል፣ ከዚያ ይሰልላል፣ ከዚያ ጸጥ። አባቴ መሪውን ወደ መንገዱ ዳር ያስይዘዋል፣ ወርደን ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። ሲቀዘቅዝ በአንድ እርግጫ ይነሳል። አፍንጫውን ወደ ቤት ካዞርንለት ደግሞ እያንጎራጎረ ይወርዳል። ዳገት የማይፈራ ሞተር እንዲህ ያደርጋል?

አሁን የራሴ ጋራዥ አለኝ። ደንበኛ መጥቶ «ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል» ሲለኝ፣ ንግግሩን ሳይጨርስ በሽታውን አውቀዋለሁ። እጄ ግን ወዲያው ወደ መፍቻው አይሄድም። ሠራተኞቼ እያሰብኩ ይመስላቸዋል። እያሰብኩ አይደለም፤ ሆድ እየባሰኝ ነው።

ቤታችን ከጋራዡ ጀርባ ነበር። ጋራዡን ያቋቋመው የእናቴ አባት ነው፤ ሲሞት ለእናቴ መፍቻዎቹን፣ ቱታውን፣ ሞተር ብስክሌቱንና ደንበኞቹን ተወላት። አዲስ ሰው መጥቶ «ሜካኒኩ የለም እንዴ?» ሲል፣ እናቴ ከመኪና ሥር አንገቷን አውጥታ «ሞቷል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ» ትለዋለች። ከዚያ ራሷ ከት ብላ ትስቃለች። ሳቋ ቆርቆሮውን ጣሪያ ያንቀጠቅጠው ነበር።

ከጋራዡ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ድሮ የጎማ መጋዘን ነበረች፤ አባቴ ፀጉር የሚያስተካክለው እዚያ ነው። ኮሎኝ ቢረጭም ባይረጭም ክፍሏ የምትሸተው ጎማ ጎማ ነው። ያለቻት አንዲት መስኮት ናት፤ እሷም የምትከፈተው ወደ ጋራዡ ነው። አባቴ የሰው ጢም እየላጨ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው እናቴን ነበር። እናቴም መፍቻ ፍለጋ ዞር ባለች ቁጥር የምታየው እሱን ነበር። ከቤት ወደ መንገድ ለመውጣት በጋራዡ መሀል ማለፍ ግድ ነው፤ ሌላ በር የለም። የአውቶቡስ መቆሚያው ደግሞ ከጋራዣችን ፊት ለፊት ነው። በሰፈሩ ማን ተሳፈረ፣ ማን ወረደ፣ ማን ሻንጣ ያዘ፣ እናቴ ሳትጠይቅ ታውቃለች።

አባቴ መሄድ ይፈልግ ነበር። ዛሬ ይህን በአራት ቃል እጽፈዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ማንም በአራት ቃል አልነገረኝም። የምሰማው በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ቁርጥራጭ ነገር ነው።

«ታፈንኩ እኮ» ይላል አባቴ።

«ማን አፈነህ? በሩ ክፍት ነው» ትላለች እናቴ።

«የትኛው በር?»

እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ ሆኜ አባቴ በሰው ፀጉር ብናኝ ትንፋሽ እንዳጠረው ወሰንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እየሮጥኩ ሱቁ እገባና አየር እንዲያገኝ ያቺን መስኮት ወለል አድርጌ እከፍትለታለሁ። እሱ ማበጠሪያውን ይዞ ያየኛል። «ተባረኪ የኔ ልጅ» ይለኛል። በመስኮቱ በኩል የእናቴ መዶሻ ይገባል።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የእናቴ የልብ ወዳጅ ነበረች። ሥራ ሲቀንስ መጥታ ያረጀ ጎማ ላይ ትቀመጥና ሻይዋን ይዛ ታወራለች። እኔ ከእግራቸው ሥር ዳዶና ብሎን እለያለሁ። ሁለቱም ጆሮ የሌለኝ ይመስላቸዋል።

«እሁድ እሁድ ልቀቂው፤ ሰው ነው፣ ንፋስ ይፈልጋል» አለች ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን።

«ለቅቄውማ አይቼዋለሁ። ይቺ ጥርስ ሳታበቅል ጨርቄን ማቄን ሳይል አልሄደም? በክረምት፣ ብቻዬን፣ በአንድ እጄ ልጅ በአንድ እጄ መፍቻ ይዤ።»

«ተመለሰ አይደል?»

«ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።»

«እንግዲያው ልጅቷን አስይዘሽ ላኪው። ልጅ አፈናጦ የት ይደርሳል?»

እናቴ ወደ ሞተሩ ዞር ብላ አየች። «እስከ ዳገቱ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ዳገቱን የሚፈራውን ሞተራችንን የሳቁበት መስሎኝ ነበር። አባቴን እንድጠብቅ መላኬ ደግሞ ኩራት ኩራት አለኝ፤ ከሌባ ይሁን ከጅብ ባላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት የቫልቭ ሰዓት ነበር። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሳይነሳ መዋል አለበት፤ ቫልቭ የሚለካው ብረቱ እስከ ሆዱ ድረስ ሲቀዘቅዝ ነው። እናቴ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትነካ አድርጋ መዳፏን ታሳርፍበትና «በርዶለታል፤ ነይ» ትለኛለች። ካንዴላውን ትፈታለች፣ ከላይ ያሉትን ሁለት ክብ ክዳኖች ትከፍታለች። እኔ ሞተሩ ማርሽ ውስጥ እንዳለ የኋላ ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ አዞራለሁ። ጎማው ሲዞር ውስጥ ያለው ፒስተን አብሮ ይወጣል ይወርዳል። እሷ አውራ ጣቷን የካንዴላው ቀዳዳ ላይ ደፍታ ትጠብቃለች። «ቀስ... ቀስ... መጣ፣ መጣ... በቃ!» አንዳንዴ ቦታ እንቀያየራለን። የሞተሩ ትንፋሽ አውራ ጣቴን ከሥር ሲገፋው፣ ፍስስ ብሎ በጎን ሲያመልጥ፣ በደስታ እጮሃለሁ። በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ አልነበረኝም።

ነገሩ ቀላል ነው። ቫልቭ ለሞተር እንደ በር ነው፤ አንዱ ቤንዚንና አየር ያስገባል፣ ሌላው ጭስ ያስወጣል። በሮቹን የሚገፋቸው ብረት፣ በሩ በተዘጋ ጊዜ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ብረት ሲሞቅ ያድጋልና። ያ ክፍተት ከሌለ ያደገው ብረት መግቢያ ያጣል፣ በሩን ገፋ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሞተሩም ጉልበቱ በዚያ በኩል ያመልጣል። ክፍተቱን የሚለካ፣ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ ስስ የብረት መለኪያ አለ። የአያቴ መለኪያ ቅጠሎቹ ተሰባብረው ስላለቁ እናቴ የምትለካው በምላጭ ነበር። ምላጭ ደግሞ ከባሏ ሱቅ አይጠፋም። እጇን በመስኮቱ ሰድዳ «ምላጭ!» ትላለች፤ አባቴ ያገለገለውን ጠርጎ መዳፏ ላይ ያስቀምጥላታል።

ለማስገቢያው ቫልቭ አንድ ምላጭ ታስገባለች። ሳብ ስታደርገው ያዝ፣ ለቀቅ ካለ ልኩ ነው። ዳዶውን ታጠብቃለች፣ ስታጠብቀው እንዳይዞር ብሎኑን በካቻቢቴ ይዛ፣ እንደገና ትለካለች። ለማስወጫው ግን ምላጩን አፏ ላይ እንደያዘች፣ ምንም ሳታስገባ፣ ብሎኑ እስኪነካ አዙራ ታስረዋለች።

«ይሄኛው አይለካም እማዬ?»

«ይሄኛው በጆሮ ነው።»

ጆሮውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሞተሩን አስነስታ አጠገቡ ታንበረክከኛለች። «ስሚ። ዝም ብሏል አይደል? ዝም ካለ ጤነኛ ነው። ቲክ ቲክ፣ ቲክ ቲክ ካለ ግን ታሟል። መንገድ ላይ ቲክ ቲክ ሲል ከሰማሽ አባትሽን አስቁሚው። አባትሽ ጆሮ የለውም፣ አይሰማውም። ካላስቆምሽው ይፈነዳል።»

«ይፈነዳል?»

«ከነጭራሹ!»

ቃል ገባሁላት። ሌሊት ሌሊት ስለሚፈነዳ ሞተር ማለም ጀመርኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

እውነቱ ተገላቢጦሽ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ትንሽ ቲክ ቲክ ማለት አለበት፤ ክፍተት እንዳለው የሚናገረው በዚያ ነው። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። አያቴ ለማስወጫው ሁለት ምላጭ ያስገባ እንደነበር በኋላ ከድሮ ደንበኞቹ ሰማሁ፤ እናቴም ከማንም በላይ ታውቀዋለች፣ የዚያን ሰውዬ ካቻቢቴ እያቀበለች ነው ያደገችው። እሷ ካረፈች በኋላ ያን ሞተር ራሴ ፈታሁት። የማስወጫው ቫልቭ ጠርዝ እንደተገመጠ ብስኩት ተበልቶ ነበር። በጋራዧ ውስጥ የደንበኛ ሞተር አንድም ቀን ያላበላሸች ሴት፣ የአባቷን ሞተር ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ እጇ ስታንቀው ኖራለች። እናቴን እወዳታለሁ። ይህን ስጽፍ ደግሞ ቆሽቴ እያረረ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ለሌላው ቦታ አይለቅም።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ስንጠብቅ፣ አባቴ ዓይኑን ከዳገቱ ጫፍ አይነቅልም። «ከዚያ ወዲያ ምን አለ?» እለዋለሁ።

«ከተማ አለ። አንድ ጓደኛዬ ፀጉር ቤት አለው። በትልቅ መስኮት መንገዱ ይታያል። ሁለት ወንበር አለው፤ በአንዱ እሱ ይሠራል።»

«በሁለተኛውስ?»

«ባዶ ነው።»

«አሳዘነኝ፣ ብቻውን ነው የሚሠራው?»

አባቴ ፀጉሬን በጣቱ እያበጠረ ሳቅ ይላል። ከሱቁ ውጭ ብቻ ነበር የሚያወራው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ዳቦ እንካፈላለን፣ በሚያልፍ መኪና ላይ እንቀልዳለን፣ እግሩን ይዘረጋል። እኔ ሞተሩ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ እጸልይ ነበር። አንዴ እንዲያውም ፀሐይ እንዲመታው ብዬ ጥላ የጣለበትን ቅርንጫፍ ሰበርኩለት። ከዚያ ተነስተን እንመለሳለን። እናቴ ጋራዡ በር ላይ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ትጠብቀናለች። «የት ደረሳችሁ?» ትላለች። «ዳገቱ ላይ ጠፋ!» እላለሁ። «ውይ፣ የኔ ነገር! ቅዳሜ ደግሜ አየዋለሁ» ትላለች።

አንድ ቀን አንድ ሸምገል ያሉ የከባድ መኪና ሹፌር ጢማቸውን ሊላጩ መጡ። እኔ ከመስታወቱ ሥር ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራለሁ። አባቴ ሳሙናውን ቀብቷቸው ምላጩን አንስቶ ከጉሮሯቸው ሲጀምር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ሞተር ምኑ ነው የታመመው?»

«ቫልቩ ጠብቆ ነዋ!» አሉ ሹፌሩ ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ።

አባቴ ሄዶ መስኮቷን ዘጋት። እኔ የከፈትኩለትን መስኮት ሲዘጋ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። «ይስተካከላል?»

«የደቂቃ ሥራ! ሲቀዘቅዝ ነው። ማስወጫው ላይ ሁለት ምላጭ አስገባና...» ሹፌሩ ሳቁ። «አንተ ደግሞ፣ ሚስትህ ሜካኒክ አይደለችም እንዴ? እኔን ከምትጠይቅ እሷን አትጠይቅም?»

የአባቴ እጅ ጉሮሯቸው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ በመስታወቱ ውስጥ ፊቱን አዩት፣ ቀጥለው የተዘጋችውን መስኮት አዩ። ሳቃቸው ከሳሙናው ሥር ጠፋ።

«ወይ አንተ ሰው» አሉ ቀስ ብለው።

ምላጩን ፈርተው መሰለኝ። የጠየቀውንም እናቴን ለማገዝ ብሎ መሰለኝ። እንዴት አይመስለኝ? እናቴ ቅዳሜ በቅዳሜ ለፍታ ያላዳነችውን ሞተር አባቴ ሊያድንላት ነው።

የዚያን ቅዳሜ እናቴ እንደ ልማዷ ቫልቩን ካሰረች በኋላ የተበላሸ መኪና ልታይ ደንበኛ ቤት ሄደች። ጋራዡን ያልፋል እንጂ መሣሪያ ነክቶ የማያውቀው አባቴ የእናቴን ካቻቢቴ አነሳ። ሁለት አዲስ ምላጭ ከወረቀታቸው አወጣ።

«እናትሽ ደክሟታል። ዛሬ እኛ እንሥራላት። ግን አትንገሪያት፣ እ?»

እኔ ጎማውን አዞርኩ። አውራ ጣቱን ካንዴላው ቀዳዳ ላይ እንዴት እንደሚደፋ እንኳን ያሳየሁት እኔ ነኝ። እጁ የፀጉር አስተካካይ እጅ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይቸኩልም። ሁለቱን ምላጭ ደርቦ አስገባ፣ ሳብ አደረገ፣ እንደገና ለካ። ላብ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። ሲጨርስ መሣሪያዎቹን ሁሉ እንደነበሩ አድርጎ ደረደራቸው፤ ካቻቢቴውን በየትኛው ጎኑ እንዳጋደመችው ሳይቀር።

ማታ ላይ አንድ የጨርቅ ቦርሳ ሲያስተካክል አየሁት። መቀሱ፣ ማሽኑና ማበጠሪያዎቹ በፎጣ ተጠቅልለዋል። ከላያቸው የኔ ሹራብና የትምህርት ቤት ጫማዬ አሉ።

«ጫማዬ የት ይሄዳል?»

«ይጠገናል።»

ጫማዬ ምንም አልሆነም ነበር። እሁድ ጫማ የሚጠግን ሰው እንደሌለም አውቃለሁ። ግን አባቴ ዋሽቶኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ከዳገቱ ወዲያ ባለው ከተማ እሁድ የሚሠራ ጫማ ሰፊ አለ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ቀሰቀሰኝ። ሞተሩን ሳያስነሳ በጋራዡ መሀል እየገፋ አወጣው። «እናትሽን እንዳንቀሰቅሳት» አለ። ጎማው የተበተነ ዳዶ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ኪሊሊ አለ፤ አባቴ ቀጥ አለ፣ እኔም ቀጥ አልኩ። ከቤት ውስጥ ምንም አልተሰማም። መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ገፍተነው፣ ከዚያ ረገጠው።

ቲክ ቲክ፣ ቲክ ቲክ።

«አቁም» ልለው አፌን ከፈትኩ። አባቴ ግን ቀድሞ ማርሽ አስገብቶ ነበር። ሜዳውን ስንበር ንፋሱ ስለሸፈነው ምናልባት ተሻለው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዳገቱን ስንጀምር ግን ከተራራው ግድግዳ እየተመለሰ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ ቲክ ቲክ፣ ቲክ ቲክ። የምንቀመጥበት ድንጋይ መጣ። አለፈን። ያ ድንጋይ ወደ ኋላ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ሞተሩ አልደከመም፤ ያለ አንዳች ማቃሰት ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ድንገት ሰማዩ ብቻ ቀረና ዳገቱ አለቀ።

ከማዶ ሰፊ ሸለቆ፣ በመሀሉ የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ጣሪያ ብዙ ብዙ። አባቴ ጮኸ። ቃል አይደለም፣ ዝም ብሎ ጮኸ፣ ከዚያ ሳቀ። ጉንጬን ጀርባው ላይ ለጥፌ ስለነበር ሳቁን ከመስማቴ በፊት በአጥንቱ በኩል ተሰማኝ። እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም።

እኔ ግን እያለቀስኩ ነበር።

«አባዬ አቁም! ታሟል!»

«ምን?»

«ሞተሩ ታሟል! ትናንት አበላሽተኸዋል! አቁመው!»

«ጤነኛ ነው የኔ ልጅ፣ ስሚው እስቲ! እንዲህ ሆኖ አያውቅም!»

«ይፈነዳል! እማዬ ነግራኛለች! አቁም! አቁም!» ጀርባውን በጡጫ መደብደብ ጀመርኩ፣ ልወርድ እግሬን አነሳሁ። አቆመ።

ከፊቴ ተንበረከከ። እየተንሰቀሰቅኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቲክ ቲክ ካለ እንደታመመ፣ ዝም ካለ ጤነኛ እንደሆነ፣ እሱ ጆሮ እንደሌለው፣ የማስቆመው እኔ መሆኔን። እየሰማኝ ፊቱ እንደ ልብስ ታጠፈ።

«መቼ ነው ይህን ያስተማረችሽ?»

«ሁልጊዜ።»

«ወደ እማዬ እንሂድ» አልኩት። «እሷ ታድነዋለች። እዚህ እኮ ማንም አያውቅበትም።»

አባቴ ተነስቶ ወደ ሸለቆው ዞረ። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም፤ ለልጅ ብዙ ነው። የሚሰማው ያጠፋው ሞተር ትኩስ ብረቱ ሲበርድ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ ሹራቤን አወጣና አለበሰኝ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈልኝ። «ይበርድሻል» አለ። ሞተሩን ወደ መጣንበት አዞረው።

ምን እንዳሰበ ጠይቄው አላውቅም። ዛሬም አለ፤ ዓይኑ ደክሟል፣ እኔ ነኝ የምላጨው፤ ስለዚያ ዳገት አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። እኔን ይዞ ሊሄድ እንደነበር ግን ጫማዬ ይመሰክራል። እንደሚመስለኝ ያን ጠዋት የገባው፣ እናቴን ጋራዥ ውስጥ ትቷት እንዳልወጣ ነው። እሷ ራሷን ጆሮዬ ውስጥ አስቀምጣለች፤ እሱ ደግሞ እኔን ከጀርባው አፈናጦ ነበር የወጣው። በዚህ ራሴን አልወቅስም፤ ያስተማሩኝን ነው የተናገርኩት።

እናቴ በቤት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ነበር። ከመታጠፊያው ጀምሮ ሰምታናለች፤ እንኳን ሞተሯን የጎረቤትን ሞተር በድምፁ ትለያለች። ስንደርስ ዓይኗ መጀመሪያ የማስወጫው ክዳን ላይ አረፈ፣ ከዚያ ቦርሳው ላይ፣ ከዚያ እኔ ላይ።

«የት ደረሳችሁ?» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው ነበር።

«ዳገቱን አለፍነው!» አልኩ። «ግን ታሟል እማዬ። አስቆምኩት። እንዳልሽኝ አስቆምኩት!»

«ጎበዝ» አለችኝ። አቅፋ ያዘችኝ። ዓይኗ ግን በትከሻዬ በኩል አባቴ ላይ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ማንም አልጮኸም። አባቴ ቦርሳውን ሱቁ ውስጥ ፈታ፤ መቀሶቹ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ ይሰማል። እናቴ አሥር ጊዜ ተነስታ አሥር ጊዜ ተቀመጠች። እኔ ብቻ ደስ ብሎኝ እየተመላለስኩ ሞተሩን እነካለሁ፣ «ገና ሞቃት ነው» እያልኩ ወሬ አደርሳለሁ።

ሊመሽ ሲል እናቴ መዳፏን አሳረፈችበት። «በርዶለታል» አለች። «ነይ» አላለችኝም፣ እኔ ግን መጥቼ ጎማውን ያዝኩ። ካንዴላውን ፈታች፣ ክዳኖቹን ከፈተች። ጎንበስ ብላ የማስወጫውን ክፍተት በጥፍሯ ነካችው፤ ብዙ ጊዜ ነካካችው። ንጹሕ ሥራ ነበር፣ አባቷ ራሱ ቢሆን የሚኮራበት። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ዓይኗ ውስጥ ውኃ ሞልቶ ነው፤ አባቴ ሞተሯን ስላበላሸባት አዝና መሰለኝ።

መብራቱ አይበቃም ነበር። አባቴ ማንም ሳይጠራው በሱቁ በር ወጥቶ ፋኖሱን አነሳና ከጭንቅላቷ በላይ ያዘላት። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድም ቀን እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሦስታችንም በአንድ ሞተር ላይ አጎንብሰን ስንገኝ የመጀመሪያ ጊዜያችን ነበር። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

እናቴ ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ አሳረፈች። አላዞረችውም። ቀና ብላም አላየችውም።

«እንዳለ ልተወው?» አለች።

አባቴ ፋኖሱን ወደ ብሎኑ አስጠጋላት።

«ንገረኝ» አለች እናቴ። «እንዳለ ተይው ካልከኝ እተወዋለሁ። ከእንግዲህ አልነካውም።»

እኔ ደነገጥኩ። «አይተውም እማዬ! ቲክ ቲክ ይላል እኮ! ይፈነዳል!»

አባቴ ወደ እኔ ዝቅ ብሎ አየኝ። ፋኖሱ ከላይ ስለነበር ፊቱ አይታየኝም፤ ነጻ እጁ ግን መጥቶ ጭንቅላቴ ላይ አረፈ፣ ዳገቱ ላይ እንደሚያደርገው ፀጉሬን በጣቱ አበጠረልኝ።

«አጥብቂው» አላት። «ልጅቷ ትፈራለች።»

እናቴ አውራ ጣቷን የካንዴላው ቀዳዳ ላይ ደፋች። ከዚያ «አዙሪ» አለችኝ፤ እኔም እንዳስተማረችኝ ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ አድርጌ አዞርኩላት።